የኤሮስፔስ ማስተርስ በኦንላይን፦ ለአንዲት ሜካኒካል ኢንጂነር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቀች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን በማሽን ዲዛይን ሥራ ላይ ናት። ትንሽ ልጅ ስላላት ሥራዋን ትታ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ አይመቻትም። «የኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ማስተርስ በኦንላይን ብማር ዋጋ አለው ወይ? ቀጣሪዎች በግቢ ከተማረው እኩል ያዩታል? በኋላ ፒኤችዲ ብፈልግ በሩ ይዘጋብኛል? ከሥራ ጋር ይቻላል? እንደ ታናሽ እህትህ ቁጠረኝና እውነቱን ንገረኝ» ትላለች።

እሺ እህቴ። ዋጋ አለው። ነገር ግን ዋጋውን የሚያገኙት አንድ ዘርፍ መርጠው እስከ ታች የሚወርዱና ሲጨርሱ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለው የሚያሳዩት ነገር ያላቸው ተማሪዎች ናቸው። ከዚህም ከዚያም ቀለል ያለውን ኮርስ እየለቀመ የዲግሪውን አሥር ኮርስ የሞላ ሰው ብዙ ገንዘብና ብዙ ሌሊት ያወጣል፤ ሥራው ላይ ግን ለውጡ እምብዛም አይታይም። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ «ኦንላይን ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ነው» የሚለውን ፍርሃት ላንሣልሽ። በዚህ ሙያ ከሥራ ጎን በርቀት መማር የቆየ ልማድ ነው። ስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1969 የምህንድስና ትምህርቶችን በቴሌቪዥን በአካባቢው ላሉ ኩባንያዎች ማስተላለፍ ጀመረ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኤስሲ የሚባለው፣ በ1972 ተከተለ። በ1984 ደግሞ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን የማስተርስ ኮርሶች በሳተላይት ወደ መሥሪያ ቤቶች የሚያደርስ ናሽናል ቴክኖሎጂካል ዩኒቨርሲቲ የሚባል ተቋም በኮሎራዶ ተቋቋመ። ኒል አርምስትሮንግ ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪውን በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከያዘ በኋላ በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ የሙከራ አብራሪ ሆኖ እየሠራ ነው የማስተርስ ኮርሶቹን የወሰደው፤ የዩኤስሲን የኤሮስፔስ ማስተርስ የተቀበለው በ1970 ነው፣ ጨረቃን ከረገጠ በኋላ ማለት ነው። ኩባንያዎቹ ሠራተኞቻቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ እንዲማሩ የፈለጉት ትምህርቱ ጠቅሟቸው ነው።

ዛሬ ጆርጂያ ቴክ፣ ፐርዱ፣ ዩኤስሲ፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኧርባና ሻምፔን እና ኦበርን የኤሮስፔስ ማስተርስ በርቀት ይሰጣሉ። አሠራሩ ተቀራራቢ ነው፦ ወደ 30 ክሬዲት፣ ማለትም አሥር ገደማ ኮርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቴሲስ፣ ማለትም ያለ ምርምር መመረቂያ ጽሑፍ። ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ በግቢው ክፍል ሲያስተምር ይቀረጽና አንቺ ቤትሽ ሆነሽ ታዪዋለሽ፤ የቤት ሥራውም ፈተናውም በግቢ ካሉት ጋር አንድ ነው። ዲፕሎማው ላይም ባብዛኛው «ኦንላይን» የሚል ቃል አይጻፍም። ስለዚህ «እኩል ያዩታል ወይ» ላልሽው፣ ከታወቀ ትምህርት ክፍል እስከሆነ ድረስ አዎ፣ ያዩታል።

ነገር ግን የፕሮግራሙን ዓይነት በደንብ ለዪ። ኤምብሪ ሪድል በኦንላይን ክንፉ በኩል የሚሰጠው የኤሮኖቲክስ ማስተርስ ለምሳሌ የሚያተኩረው በአቪዬሽን አሠራር፣ በደኅንነትና በአመራር ላይ ነው። ለአብራሪ፣ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ፣ ለአየር መንገድ ኃላፊ ጥሩ ነው፤ ክንፍ መንደፍ ለምትፈልግ ሴት ግን አይሆናትም። የስፔስ ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ ማስተርስም ሌላ ነገር ነው፤ ጆንስ ሆፕኪንስ የሚሰጠው ዓይነት ማለቴ ነው። እሱ የሳተላይትን ክፍሎች እንዴት አገጣጥሞ፣ ፈትሾ፣ በጊዜና በበጀት ለማምጠቅ እንደሚደረስ ያስተምራል። ለሚያስተባብር ሰው ወርቅ ነው። የምትፈልጊውን ለማወቅ የኮርሶቹን ዝርዝር ክፈቺና ለመግባት ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፍሰትና ሙቀት የሚገለጽበትን ሒሳብ፣ የሚጠይቅ ኮርስ ስንት እንዳለ ተመልከቺ። አንድም ከሌለ ወደ ዲዛይንና ትንተና የሚወስድ መንገድ አይደለም።

የማስተርሱ ኮርስ ከመጀመሪያ ዲግሪው በምን እንደሚለይ በአንድ የቤት ሥራ ላሳይሽ፤ ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ አለ። በመጀመሪያ ዲግሪ ሾክ ዌቭ፣ ማለትም የጋዝ ግፊት በድንገት የሚዘልበትን ስስ ድንበር፣ ስትማሪ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን ሠንጠረዥ ትከፍቻለሽ፣ የማክ ቁጥሩን (ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ስንት እጥፍ እንደሆነ) ትፈልጊያለሽ፣ የግፊቱን ምጣኔ አንብበሽ ትጽፊያለሽ። አለቀ። በማስተርስ የኮምፒዩቴሽናል ፍሉድ ዳይናሚክስ ኮርስ፣ ባጭሩ ሲኤፍዲ በሚባለው የፍሰት የኮምፒውተር ስሌት፣ የሚሰጥሽ አንድ ቱቦ ነው። መሃሉ በስስ ግድግዳ ተከፍሏል። በግራ በኩል ያለው ጋዝ ግፊቱ 1፣ ዴንሲቲው 1 ነው፤ በቀኝ ያለው ግፊቱ 0.1፣ ዴንሲቲው 0.125 ነው። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ከዚያ ግድግዳው በቅጽበት ይነሣል። ጋሪ ሶድ በ1978 ያቀረበው ይህ ጥያቄ ትክክለኛ መልሱ ስለሚታወቅ እስከ ዛሬ የኮድ መፈተኛ ነው።

ቱቦውን 400 ቦታ ትከፋፍዪና የማስ፣ የሞመንተምና የኢነርጂ ሚዛንን የሚጠብቅ ኮድ ራስሽ ትጽፊያለሽ። በቀላሉ፣ በአንደኛ ደረጃ ዘዴ፣ ከጻፍሽው ሾኩ ይወጣል፤ ግን ይደበዝዛል፣ ስለታም መሆን የሚገባው ግድግዳ ተዳፋት ይሆናል። ትበሳጪና ወደ ሁለተኛ ደረጃ ዘዴ ትሄጃለሽ። አሁን ሾኩ ይሳላል፤ ከጎኑ ግን ጋዙ ውስጥ የሌለ መወዛወዝ ግራፉን ይሞላዋል። ኮዱ ስህተት ያለበት መስሎሽ ሌሊቱን መስመር በመስመር ትፈትሺያለሽ። ስህተት የለውም። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ጎዱኖቭ በ1959 እንዳረጋገጠው፣ ሊኒየር የሆነ፣ ማለትም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ቀመር የሚጠቀም ዘዴ እንዲህ ያለ ሐሰተኛ መወዛወዝ ሳያመጣ ከአንደኛ ደረጃ ትክክለኛነት ሊያልፍ አይችልም። መፍትሔው ሊሚተር የሚባል፣ ሾኩ አጠገብ ብቻ ዘዴውን የሚያለዝብ ሊኒየር ያልሆነ ማስተካከያ ነው። ይህን በእጅሽ ካለፍሽ በኋላ የንግድ ሶፍትዌር የሚያወጣልሽን ባለ ቀለም ሥዕል በፊት ባየሽበት ዓይን አታዪውም።

ቀጣሪዎች የሚፈልጉትም ይኸው ነው። እኔ ለሥራ የሚያመለክት ሰው ሳነጋግር የት ተማርክ ከሚለው ይልቅ የማተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ «ይህ ውጤት ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ?» ሜሹን፣ ማለትም ስሌቱ የሚሠራበትን የትንንሽ ክፍሎች መረብ፣ አጥብቆ እንደገና የሞከረ፣ ከሙከራ ቁጥር ጋር ያነጻጸረ፣ የት ላይ እንደማይታመን የሚነግረኝ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ይህን ኦንላይንም ያስተምራል፤ እንዲያውም ብቻውን ከኮድ ጋር የታገለ ተማሪ አንዳንዴ ይበልጣል።

የጎደለውንም ልንገርሽ፤ የጎደለ አለና። የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ነው። ዊንድ ተነል በሚባለው የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ሞዴል ሰቅሎ፣ የመለኪያው ቁጥር ሲዋዥቅ አይቶ፣ የተነሉ ግድግዳ ራሱ ፍሰቱን እንደሚያጣምመው ተረድቶ መመለስ በቪዲዮ አይተላለፍም። ሮኬት ሞተር መተኮስም እንዲሁ። ስለዚህ ልብሽ ያለው በሙከራ ሥራ ላይ ከሆነ ኦንላይኑን አልመክርሽም። ሲኤፍዲ፣ የስትራክቸር ትንተና፣ የበረራ ዳይናሚክስና ኮንትሮል፣ የምሕዋር ስሌት ከሆነ ግን መሣሪያሽ ኮምፒውተር ስለሆነ የምታጪው ጥቂት ነው። ከማሽን ዲዛይን ስለመጣሽ ለአንቺ ስትራክቸር፣ በተለይ ኮምፖዚት (ከቃጫና ከሙጫ የተሠራ ቁስ) እና የድካም ስብራት (ቁስ በተደጋጋሚ ጫና መሰበሩ)፣ በጣም የቀረበ በር ይመስለኛል። ፋይናይት ኤለመንት፣ ዕቃን በትንንሽ ቁራጭ ከፍሎ ጥንካሬውን የሚያሰላው ዘዴ፣ አስቀድመሽ የነካሽው ነገር ነው፤ የጎደለሽ ከሥሩ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሚያውቅሽ ሰው ነው። በግቢ ያለ ተማሪ ከአማካሪው ጋር ሁለት ዓመት ይሠራል፤ ፕሮፌሰሩ ጠባዩንም ችሎታውንም ያውቃል። በኦንላይን ያለው ተማሪ ካልተጠነቀቀ ለሁሉም ስም ብቻ ሆኖ ይመረቃል። የፒኤችዲ ጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቴሲስ የሌለው ማስተርስ በሩን አይዘጋብሽም። የሚያስቸግርሽ የድጋፍ ደብዳቤው ነው፤ «ኮርሴን በጥሩ ውጤት አልፋለች» የሚል ደብዳቤ ለፒኤችዲ መራጮች ምንም አይነግራቸውም። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ፕሮግራሙ በርቀት የምርምር ፕሮጀክት በክሬዲት መውሰድ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቂ፤ የሚፈቅዱ አሉ። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮርሶች ውስጥ ደስ ያሰኘሽን ፕሮፌሰር ምረጪ፣ የምርምር ጽሑፎቹን አንብቢ፣ በኦንላይን የቢሮ ሰዓቱ ላይ እየገባሽ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ጠይቂ። ከአንድ ዓመት በኋላ «አብሬዎት ትንሽ ፕሮጀክት ብሠራ» ስትዪ ማን እንደሆንሽ ያውቃል። ፒኤችዲውን ራሱን ግን በኦንላይን ለመሥራት አታስቢ፤ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ቢፈቅዱትም ምርምር ከሰዎች ጋር በየቀኑ በመገናኘት የሚያድግ ነገር ነው።

ሦስተኛው የሥራ ፈቃድ ነው፤ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚሰማው ነገር ስለሆነ በደንብ ያዢው። አሜሪካ በተማሪ ቪዛ ሄዶ በግቢ የተማረ የውጭ ዜጋ ከተመረቀ በኋላ 12 ወር፣ በሳይንስና ምህንድስና ዘርፍ ከሆነ ተጨማሪ 24 ወር የመሥራት ዕድል ሊያገኝ ይችላል። ከአገርሽ ሆነሽ በኦንላይን የጨረስሽው ዲግሪ ግን የተማሪ ቪዛ ስለማያሰጥ ይህን ዕድል አያመጣልሽም። ዓላማሽ ዲግሪውን መሸጋገሪያ አድርጎ አሜሪካ መሥራት ከሆነ መንገዱ ይህ አይደለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ኢታር የሚባል የአሜሪካ ሕግ አለ። የሮኬት፣ የሚሳይል፣ የጦር አውሮፕላንና የአንዳንድ መንኮራኩሮች ቴክኒካዊ መረጃ ያለ መንግሥት ፈቃድ ለውጭ ዜጋ እንዳይሰጥ ይከለክላል። እንደ አሜሪካዊ የሚቆጠረው ዜጋው፣ ቋሚ ነዋሪው፣ እንዲሁም ጥገኝነት ወይም የስደተኛነት ከለላ የተሰጠው ሰው ነው። ለዚህ ነው ብዙ የሮኬት ኩባንያዎች ማስታወቂያቸው ላይ ይህን እንደ ቅድመ ሁኔታ የሚጽፉት፤ የሰው ብቃት ጉዳይ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ አጠቃላይ የምህንድስና መርህ ከሕጉ ውጭ ስለሆነ ኮርሶቹን መማር አያስቸግርሽም። የሚያስቸግረው ከኩባንያ ወይም ከመከላከያ መረጃ ጋር የተሳሰረ ፕሮጀክት ነው። እንግዲህ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት ከሌለሽ ዘርፍሽን ስትመርጪ ይህን አብረሽ መዝኚ። የሮኬት ፕሮፐልሽን ከተማርሽ የሚቀጥሩሽ ጥቂት ናቸው። ኤሮዳይናሚክስ፣ ኮምፖዚትና ኮንትሮል ግን በመንገደኛ አውሮፕላን፣ በሲቪል ድሮን፣ በንፋስ ተርባይን፣ በመኪናም ይፈለጋሉ። የተርባይን ቢላ የሚሠራበት ሒሳብ የክንፍ ሒሳብ ነው።

ስለ ገንዘብ። ጆርጂያ ቴክ በ2014 የጀመረውን የኮምፒውተር ሳይንስ ኦንላይን ማስተርስ ዝቅተኛ ዋጋ የሰሙ ሰዎች የኤሮስፔሱም እንደዚያ ይመስላቸዋል። አይደለም። የኤሮስፔስ ክፍያ በክሬዲት ከ1,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ እንደ ዩኤስሲ ባሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች በክሬዲት ከ2,000 ዶላር ይበልጣል። በ30 ክሬዲት አባዢው። ከዚህ በላይ መታሰብ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ በግቢ በምርምር ረዳትነት የተቀጠረ ተማሪ ባብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የወር ገንዘብም ይቀበላል፤ ለኦንላይን ተማሪ ይህ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ መሄድ የሚቻልበት ቀን ይመጣል ብለሽ የምታስቢ ከሆነ፣ በግቢ መማር ከሩቅ ከመማር ሊረክስሽ ይችላል። አሠሪሽ ይከፍልልሽ እንደሆነም ጠይቂ፤ ኦንላይን ማስተርስ መጀመሪያውኑ የተሠራው አሠሪው ለሚከፍልለት ሰው ነው።

ጊዜው ከባድ ነው። አንድ የማስተርስ ኮርስ በሳምንት ከ10 እስከ 15 ሰዓት ይወስዳል፤ ፕሮጀክት ሲደርስ ከዚያም ያልፋል። ከሥራና ከልጅ ጋር በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ውሰጂ። በዓመት ሁለት ሴሚስተር ከሆነ አሥር ኮርስ አምስት ዓመት ነው፤ በክረምት ጨምረሽ ሦስት ካደረግሽው ከሦስት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ለመጨረስ የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ስላለ እሱንም አስቀድመሽ እወቂ። ሁለት ኮርስ በአንድ ጊዜ ይዘው የጀመሩ ሰዎች ሲያቆሙ አይቻለሁ፤ ያቆሙት ስላልቻሉ አይደለም፣ ልጅ ሲታመምና ሥራ ሲደራረብ የሚተነፍሱበት ቦታ ስላልነበራቸው ነው።

ከመመዝገብሽ በፊት ደግሞ ሒሳብሽን አድሺ። አምስት ዓመት ብዙ ያስረሳል። ለራስሽ ሦስት ፈተና ስጪ። የሁለት ማስና የሁለት ስፕሪንግ ንዝረትን በአይገንቫልዩ ፈትተሽ ተፈጥሯዊ ድግግሞሾቹን አውጪ። የሙቀት ስርጭት እኩልታን ተለዋዋጮቹን በመለየት ዘዴ ፍቺ። ከዚያ ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ክብ ምሕዋር ያለውን ሳተላይት እንቅስቃሴ በፓይተን ወይም በማትላብ፣ የሩንጌ ኩታን ዘዴ በእጅሽ ጽፈሽ አስዪው። ፍጥነቱ በሰከንድ 7.67 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንዱ ዙር ከ92 ደቂቃ ትንሽ በላይ ካልወጣልሽ ወይም ኢነርጂው ከዙር ዙር እየሸሸ ከሄደ ስህተትሽን እስክታገኚ አትልቀቂው። ሦስቱን ያለ ብዙ ጭንቀት ከሠራሽ ዝግጁ ነሽ። ካልሆነም አትደንግጪ፤ የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር የሊኒየር አልጀብራና የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ትምህርቶቹን በነፃ ያቀርባል፤ ጥቂት ወር በየማታው ብትሠሪ ይመለስልሻል።

አሁን የራስሽ ስላልኩት ሥራ። ዩኒቨርሲቲው እስኪሰጥሽ አትጠብቂ። ናካ 0012 የሚባለውን የታወቀ የክንፍ ቅርጽ ውሰጂ። ናሳ ላንግሊ የቱርቡለንስ፣ ማለትም የተናወጠ ፍሰት፣ ሞዴሎችን ለመፈተሽ ያዘጋጀው ገጽ ላይ የዚህ ቅርጽ ሜሽም፣ የሙከራ ውጤትም፣ የታወቁ ኮዶች ያወጡት ቁጥርም በነፃ ተቀምጧል፤ ማክ 0.15፣ ሬይኖልድስ ቁጥር (የፍሰቱ ግፊያ ከሰበቃው ጋር ሲነጻጸር) 6 ሚሊዮን። ስታንፎርድ የጀመረውን ኤስዩ2 ወይም ኦፕንፎምን የሚባሉትን የፍሰት ማስያ ሶፍትዌሮች ጫኚ፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ክንፉ ከንፋሱ ጋር በሚሠራው የ10 ዲግሪ የጥቃት ማዕዘን የሊፍት (ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል) ኮኤፊሸንቱ ወደ 1.09፣ የድራጉ (ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል) ወደ 0.0123 መምጣት አለበት። መጀመሪያ አይመጣልሽም። ሊፍቱ ቀድሞ ይስተካከላል፤ ድራጉ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ከክንፉ ቆዳ አጠገብ ያሉት የሜሽ ንብርብሮች በቂ ስስ ካልሆኑ ሰበቃውን በትክክል አያዩትም። ሜሹን ሦስት ጊዜ እያጠበቅሽ ቁጥሩ እንዴት እንደሚረጋጋ በግራፍ አሳዪ፣ ከሙከራው ጋር የማይገጥምበትን ማዕዘን ደብቀሽ አትለፊው፣ ለምን እንዳልገጠመ ጻፊ። ዘርፍሽ ስትራክቸር ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ዓይነት ሥራ በአንድ የኮምፖዚት ሰሌዳ መታጠፍ ላይ አድርጊው። እንዲህ ያለ ንጹሕ የአሥር ገጽ ሪፖርት ለፕሮፌሰርም ለቀጣሪም ስትልኪ ያነቡታል።

ከእጅሽ ብዙ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት መሞከሪያ መንገድም አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዲግሪ ሳትመዘገቢ አንድ ሁለት ኮርስ እንድትወስጂ ይፈቅዳሉ፤ ከተቀበሉሽ በኋላም የተወሰነውን ክሬዲት ይይዙልሻል። ስንቱን እንደሚይዙ አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አንዱን ከባድ ኮርስ፣ ቪስከስ ፍሎው (ሰበቃ ያለው ፍሰት) ወይም የላቀ ስትራክቸር፣ በዚህ መንገድ ሞክሪ። ቀላሉን አትምረጪ፤ ቀላሉ ስለ ራስሽ ምንም አይነግርሽም።

ለፕሮግራሙ አስተባባሪም ዛሬ ጻፊ። ባለፉት ሁለት ዓመታት በኦንላይን በትክክል የተሰጡት ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቂ፤ ካታሎግ ላይ ያለው ሁሉ በየዓመቱ አይሰጥም፣ የምትፈልጊው ዘርፍ ግማሹ ከጠፋ መመዝገቡ ትርጉም የለውም። ፈተናው በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚወሰድና ማን እንደሚቆጣጠር፣ የቡድን ፕሮጀክት በማን የሰዓት አቆጣጠር እንደሚሠራ፣ እንደ አንሲስና ናስትራን ያሉ ሶፍትዌሮች ፈቃድ አንቺ ካለሽበት አገር ይሠራ እንደሆነ፣ የርቀት ምርምር ክሬዲት ይፈቀድ እንደሆነም ጨምሪበት። ከሁለትና ከሦስት ትምህርት ቤቶች መልሱ ሲደርስሽ የኮርሶቹን ዝርዝር እዚሁ ለጥፊው፤ የትኛው ለአንቺ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።